«አላነበብኩም» እና «አልሰማሁም»

ሦስተኛው ሃርድ ዲስክ ከካርቶኑ ሲወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነው። ያለው ሰርቨርም አንድ ብቻ፣ አራት ዲስክ የያዘ፣ እንደ ተራ ዴስክቶፕ ቆሞ የሚቀመጥ። ከአራቱ ዲስኮች አንዱ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከሬይዱ፣ ማለትም አራቱን እንደ አንድ ከሚያሠራው አደረጃጀት፣ ይወጣል። መጀመሪያ «ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ ተቀየረ። አዲሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወጣ። «የሸጡልን ዕቃ ጥራት የለውም» ተባለና ከሌላ ሱቅ ሌላ ተገዛ፤ እሱም ወጣ። የሰርቨር ዲስክ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያለፋ የሞከረው ያውቀዋል። ሦስተኛው ሊገባ ሲል «ቆይ፣ ሰርቨሩ ራሱ ምን ይላል?» አልኩ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚጽፈውን ሎግ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አልከፈተውም ነበር።

ከፈትነው። መልሱ እዚያው ነበር፤ ለሳምንታት፣ ቀንና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ነገር ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ሰርቨር ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ ላፕቶፓችሁም ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ አለ።

ለወዳጃችሁ ደውላችሁ «እስኪ ያን የሒሳብ ቁጥር ንገረኝ» አላችሁት እንበል። አንዳንዴ መልሱ «ወረቀቱን ዝናብ መትቶት ቁጥሩ አይነበብም» ይሆናል። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የተበላሸው ወረቀቱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ሄሎ? ሄሎ? ይቆራረጣል፣ ምን አልከኝ?» ይላችኋል። ወረቀቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸው መስመሩ ነው። በሁለቱም ጊዜ ቁጥሩን አላገኛችሁም። ግን መስመር ተቆራረጠ ብሎ ወዳጁን የሚቀይር ሰው የለም። በዚያ መሥሪያ ቤት ስናደርግ የከረምነው ግን ልክ ያንን ነበር።

ዲስኩ «አላነበብኩም» ቢል ወይም በኬብሉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ወገኖች «አልሰማሁም» ቢባባሉ ተጠቃሚው የሚያየው አንድ ነው፦ ፋይሉ አይከፈትም፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፣ ሬይዱ ዲስኩን ያስወጣል። ሎጉ ውስጥ የሚጻፉት ቃላት ግን ለየቅል ናቸው። በሊኑክስ ላይ፣ ዲስኩ መረጃው ከተጻፈበት ከገዛ ራሱ ሳህን ላይ ማንበብ ሲያቅተው የሚጻፈው ምልክት «ዩኤንሲ» ነው፤ ሊታረም ያልቻለ ንባብ ማለት ነው። መረጃው መንገድ ላይ ሲበላሽ ደግሞ «አይሲአርሲ» ወይም «ባድሲአርሲ» ይጻፋል። ከዚህ ጽሑፍ ይህችን አንዲት ልዩነት ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ለእኔ በቂዬ ነው።

ሲአርሲ የምትባለው ምንድን ናት? እናት ልጇን የዕቁብ ገንዘብ አስይዛ ጎረቤት ላከችው እንበል። ኖቶቹን ጠቅልላ፣ ድምሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ አብራ ሰጠችው። ተቀባይዋ ቆጥራ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች፤ ካልገጠመ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ። ሲአርሲ ያቺ ብጣሽ ወረቀት ናት። ላኪው ወገን በእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ላይ ሒሳብ ሠርቶ ውጤቱን ከኋላው ያስከትላል፤ ተቀባዩም ሒሳቡን እንደገና ሠርቶ ያመሳክራል። ከተራ ድምር ትበልጣለች፤ ሁለት ኖቶች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ አይቀየርም፣ እሷ ግን የቅደም ተከተል ለውጥንም ትይዛለች። ዘዴውን በ1961 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያቀረበው አሜሪካዊው የሒሳብ ሰው ዌስሊ ፒተርሰን ነው፤ ዛሬ ዲስክም ኔትወርክም በዚህ ይጠቀማሉ። የእርሷ ምስክርነት ግልጽ ነው። ካልገጠመች ጥፋቱ በላኪና በተቀባይ መካከል ነው፦ ኬብሉ፣ የኬብሉ ጫፎች፣ ሶኬቶቹ፣ ወይም በሁለቱ ጫፍ ያሉት የመላኪያና የመቀበያ ክፍሎች። ሳህኑ ላይ የተጻፈው መረጃ በዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም።

ታዲያ አንዲት ቀጭን ኬብል ይህን ያህል የምታስቸግረው ለምንድን ነው? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ የመረጃ ኬብል 7 መስመሮች አሉት፤ 4ቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው መረጃ ያመላልሳሉ፣ 3ቱ ግራውንድ ናቸው። ዛሬ በብዛት ባለው ፍጥነት በሰከንድ 6 ቢሊዮን ቢት ያልፋል። አንዱ ቢት የሚቆየው የአንድ ናኖሰከንድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ብርሃን ራሱ፣ ምንም በማያግደው ባዶ ቦታ፣ የሚጓዘው 5 ሳንቲሜትር ነው። ኬብል ውስጥ ደግሞ ጉዞው ከዚያ ያንሳል። ስታንዳርዱ የሚፈቅደው ትልቁ ርዝመት 1 ሜትር ነው። እሱን በእጃችሁ ብትይዙት ውስጡ 30 ያህል ቢቶች ተሰልፈው፣ አንዱ ሳይደርስ ሌላው እየተከተለ፣ በአንድ ጊዜ እየሄዱ ነው ማለት ነው።

በዚህ ፍጥነት «ሽቦው አልተበጠሰም» ማለት «ኬብሉ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ፒን ላይ ያለ ስስ ቆሻሻ፣ ክፉኛ የታጠፈ ቦታ፣ በትንሹ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ሶኬት የምልክቱን ከፊል ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ገደል አፋፍ ቆሞ በጣም እየፈጠነ የሚናገር ሰው አስቡ፤ ያለፈው ቃል የገደል ማሚቶ ሆኖ ተመልሶ በአዲሱ ቃል ላይ ይደረባል፣ ማዶ ያለው ሰውም አንዱንም አይለይም። ያው ሰው ረጋ ብሎ ቢናገር ይሰማ ነበር። ሊኑክስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው! ስህተቱ ሲደጋገምበት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የመስመሩን ፍጥነት ከ6 ጊጋቢት ወደ 3፣ ካልሆነም ወደ 1.5 ያወርዳል፤ ማውረዱንም ሎጉ ላይ ይጽፋል። «ሊሚቲንግ ሳታ ሊንክ ስፒድ» የሚል መስመር ካያችሁ ማሽኑ «ረጋ ብለህ አውራኝ» እያለ ነው።

ሶኬቱም ቢሆን የሚገመተውን ያህል ጠንካራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የሳታ ኬብሎች መቆለፊያ ክሊፕ አልነበራቸውም፣ በግጭት ብቻ ነበር የሚይዙት። የውስጥ ኬብል ሶኬት የሚታሰበውም ለ50 ጊዜ ያህል መሰካትና መነቀል ነው፤ ከኮምፒውተር ውጭ ለሚሰካው ለኢሳታ ግን 5000 ጊዜ። ጥገና ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ያገለገለች፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትሰካ «የመሞከሪያ ኬብል» ስንት ጊዜ እንደተነቀለች ገምቱ። በእሷ ተሞክሮ ስንቱ ደህና ዲስክ ተጥሎ ይሆን?

አሁን ወደ ሎጉ። በሊኑክስ ዲሜሴጅ የሚባለው ትእዛዝ ከርነሉ የጻፈውን ያወጣል፤ ጆርናልሲቲኤል ደግሞ ያለፉትን ቀናት ጭምር ያሳያል። እኛ ያየነው አንዱ ክስተት አምስት ስድስት መስመር ነበር። መጀመሪያ «ኤቲኤ3» የሚል ስም፤ ይህ ችግሩ የታየበት የመስመር ቁጥር ነው። ከዚያ «ኤክሴፕሽን» እና መጨረሻው ላይ «ፍሮዝን»፦ ያልተጠበቀ ነገር ስለመጣ ሥራው ሁሉ ቆሟል ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤስኤረር» በሚለው ሥር ሁለት ቃል፦ «ፋይ ሬዲ ቼንጅ» እና «10ቢ8ቢ»። ከዚያ «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ»፣ ግንኙነቱን ቆርጦ እንደገና መጀመር። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ሊንክ አፕ»። ወዲያው ሁሉም ነገር ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል፤ እስከሚቀጥለው ድረስ።

እነዚያ ሁለት ቃላት በዝርዝር መታየት ይገባቸዋል። «ፋይ ሬዲ ቼንጅ» ማለት በኬብሉ ጫፍ ያለው ተቀባይ ክፍል ማዶ ያለውን ምልክት ለቅጽበት አጣው፣ ከዚያ አገኘው ማለት ነው። ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ የሚጻፈው ይኸው ነው፤ ማንም ሳይነካው ከተጻፈ ግን መጠየቅ አለበት። «10ቢ8ቢ» ደግሞ የአይቢኤም ሰዎች ዊድመርና ፍራናሼክ በ1983 ካሳተሙት ዘዴ የመጣ ነው። ኬብሉ ላይ እያንዳንዱ 8 ቢት በ10 ቢት ተተክቶ ይሄዳል፤ ለምሳሌ ዜሮ ብቻ ለረጅም ጊዜ እየተከታተለ ተቀባዩ ቆጠራው እንዳይጠፋበት። በ10 ቢት 1024 ዓይነት ቅርጽ መጻፍ ይቻላል፤ የተፈቀደው ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ያልተፈቀደ ቅርጽ ከመጣ ተቀባዩ «እንዲህ የሚባል ፊደል የለም» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ስህተት ከሳህኑ ሊመጣ አይችልም፤ ፊደሉ የሚሠራው መረጃው ከዲስኩ ሊወጣ ሲል ነውና የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ማስረጃ ግን የሌለው ነገር ነበር። በዚያ ሁሉ ሎግ ውስጥ አንድም «ዩኤንሲ» አልነበረም። ሦስት ዲስክ «ሞተ» በተባለበት ቦታ አንዱም «ማንበብ አቃተኝ» ብሎ አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልናገር። ሊኑክስ የሳታ መስመሮችን የሚቆጥረው ከ1 ጀምሮ ነው፤ ማዘርቦርድ ላይ የታተመው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ከ0 ይጀምራል። ስለዚህ «ኤቲኤ3» ቦርዱ ላይ «ሳታ 2» ሊሆን ይችላል፤ ሌላ የሳታ ካርድ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ይለያል። በቁጥር ግምት ዲስክ አትንቀሉ። የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር ከሲስተሙ አውጡና ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ። አንድ ዲስክ በጎደለው ሬይድ ላይ ደህናውን ዲስክ መንቀል ሥራውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ባክአፕም ከዚህ ሁሉ በፊት ይቅደም።

ሁለተኛው ምስክር ዲስኩ ራሱ ነው። ዲስኮች ስማርት የሚባል የጤና መዝገብ አላቸው፤ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ፕሮግራም ይነበባል። ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ስለ ሳህኑ ይናገራሉ፦ የተተኩ ቦታዎች፣ የሚያጠራጥሩ ቦታዎች፣ ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎች። ተራ ቁጥር 199 ግን ስለ መንገዱ ነው፤ በኬብሉ ላይ የታየ የሲአርሲ ስህተት ብዛት። የእኛ ዲስክ 5፣ 197 እና 198 ሁሉም ዜሮ፤ 199 ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ! ግን ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም። ኬብሉ ከተቀየረ በኋላም የድሮው ቁጥር እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ዛሬ ችግር አለ ማለት አይደለም፤ እያደገ መሆኑ ነው ችግሩ።

ቀጥሎ የምጠይቀው «ሌሎቹስ?» ብዬ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገው በመስኮት ብቅ ብሎ ጎረቤትን ማየት አይደለም? የእነሱ ከበራ ጉዳዩ የእኛ ቆጣሪ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ ትራንስፎርመሩ ነው። ሎግም እንዲሁ ነው የሚነበበው። ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ የዚያን መስመር ኬብልና ሶኬት ጠርጥሩ። አራቱም ዲስኮች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከተቋረጡ አራት ኬብል በአንድ ጊዜ አይላላምና የሚጋሩትን ፈልጉ፦ ፓወር ሰፕላይ፣ የኃይል ማከፋፈያ ኬብል፣ ዲስኮቹ የሚሰኩበት የኋላ ሰሌዳ፣ ወይም ኮንትሮለሩ። በተለይ አንድ የኃይል መስመር በማከፋፈያ ለብዙ ዲስክ የተከፋፈለ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። የኃይል ማነስ ሎጉ ላይ እንደ ላላ የመረጃ ኬብል ሆኖ ይታያል።

ሰዓቱም ይናገራል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰርቨሮች ሎጋቸውን የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። የኛ ሎግ ላይ ስህተቶቹ የሚበዙት ዓርብ 22:10 ገደማ ነበር። ወዲያው ስናሰላው ከምሽቱ 4 ሰዓት መሰለን፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ምንም ሥራ የለም። ቆይተን ነው ዩቲሲ መሆኑን ያየነው፤ 3 ሰዓት ሲደመርና ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከሌሊቱ 7:10፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሳምንታዊው ባክአፕ የሚሠራበት ሰዓት! ብዙ መረጃ ባለፈ ቁጥር የሚበላሸውም ይበዛል። አቋራጩን ልስጣችሁ፦ ሎጉ በዩቲሲ ከሆነ 3 ቀንሱ፣ በሀገር ውስጥ 24 ሰዓት ከሆነ 6 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 አውጡለት፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩበት። 22 ሲቀነስ 3 ነው 19፣ 12 ሲወጣለት 7።

ሎጉ እስከዚህ አደረሰን፤ የቀረው በእጅ የሚሠራ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዲስኩንም ኬብሉንም ፖርቱንም በአንድ ላይ ከቀየራችሁ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ጥፋተኛውን አታውቁትም። ሰርቨሩን አጥፍተን በሦስተኛው ቦታ ያለውን ዲስክ ኬብል በሁለተኛው ቦታ ካለው ጋር አለዋወጥን፤ ፖርቱና ዲስኩ ባሉበት። ስህተቱ ኬብሉን ተከትሎ ቢሄድ ኬብሉ ነው፤ እዚያው ቢቀር ፖርቱ፣ ቦታው ወይም ዲስኩ ነው። ክዳኑን ሳንገጥም ሁለት ቀን ሙሉ አሠራነው። ምንም የለም። አንድም መስመር። ደስ ብሎን ክዳኑን ገጠምንና ባክአፕ አስጀመርን። በሃያ ደቂቃ ውስጥ «ኤቲኤ3» ተመለሰ።

ክዳኑ ነበር። የሦስተኛው ቦታ ሶኬት ከጎን ክዳኑ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ኬብሉ ደግሞ ጫፉ ቀጥ ያለ ዓይነት ነበር። ክዳኑ ሲገጠም የኬብሉን ጫፍ ገፍቶ በትንሹ ያዘምመዋል። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሲፈተሽ ሁሌ ደህና የነበረው፤ ለዚህ ነው ዲስኩ ስንት ጊዜ ቢቀየር ችግሩ የማይሄደው። ጫፉ የታጠፈና ክሊፕ ያለው ኬብል ተገዛ። 199 ባለበት ቆመ። የተጣሉትን ሦስት ዲስኮች አውጥተን በሌላ ማሽን ረጅሙን የስማርት ፍተሻ አስኬድንባቸው፤ ሦስቱም ጤነኞች።

ይህ መንገድ ለዲስክ ብቻ አይደለም። የኔትወርክ ካርድ መስመር ሲያገኝ «ሊንክ ኢዝ አፕ» ብሎ ፍጥነቱን ይጽፋል። ጊጋቢት መሆን የነበረበት መስመር 100 ሜጋቢት ብሎ ከጻፈ ከሁሉ በፊት ኬብሉን ተመልከቱ። ለ1000 ሜጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉት አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንዲት ሽቦ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተጨመቀች ኔትወርኩ አይጠፋም፣ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል እንጂ። ስንቱ ቢሮ «ኢንተርኔቱ ነው የሚንቀራፈፈው» እያለ የአንዲት ጫፍ መዘዝ ይሸከማል! ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ የካርዱን የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ ማየት ይቻላል፤ አነባበቡ ከ199 ጋር አንድ ነው።

ሚሞሪም የራሱ ምስክር አለው። የሰርቨር ራም ኢሲሲ ከሆነ ለ64 ቢት መረጃ 8 ቢት መፈተሻ ይጨምራል፤ አንድ ቢት ቢበላሽ ያርማል፣ ሁለት ቢበላሹ ያስታውቃል። ሐሳቡ ከሪቻርድ ሃሚንግ ይጀምራል። በቤል ላብስ በቅዳሜና እሑድ ሥራውን ለማሽን ሰጥቶ ይሄድ ነበር፤ ማሽኑ ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስህተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ የት እንዳለ አውቆ ማረም ለምን ያቅተዋል ብሎ ተነሣ፤ መልሱን በ1950 አሳተመ። ሊኑክስ እነዚህን እርማቶች «ኢዳክ» በሚል ስም የራሙን ቀዳዳ ቁጥር ጠቅሶ ይጽፋቸዋል። በ2009 የጉግል ሰርቨሮች ላይ የወጣ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራም ካርዶች እርማት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ አንድ እርማት አያስደነግጥም፤ ከአንድ ቀዳዳ በየቀኑ ሲመጣ ግን ራሙን አውጥቶ፣ አቧራውን አንሥቶ እንደገና በደንብ መጫን፣ ካልሆነም ቀዳዳ መቀያየር ነው።

የካርዶቹ መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ ይባስ ዝምተኛ ነው። ጥቂት ፒኖች በደንብ ካልነኩለት በ8 መስመር ፈንታ በ4 ይሠራል፣ ማንንም አያስቸግርም። ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትእዛዝ በዝርዝር ሲጠየቅ ነው «ዳውንግሬድድ» ብሎ የሚነግራችሁ።

በዊንዶውስ ሰርቨር ይህ ሁሉ ያለው ኢቨንት ቪውወር ውስጥ፣ «ሲስተም» በሚለው ሥር ነው። ከዲስክ የሚመጣ ቁጥር 7 የተበላሸ ቦታን፣ ማለትም «አላነበብኩም»ን ይናገራል። ቁጥር 11 የኮንትሮለር ስህተት ነው፣ ቁጥር 129 ደግሞ መስመሩ ተቆርጦ መጀመሩን ይመዘግባል፤ ሁለቱ «አልሰማሁም» ወደሚለው ያደላሉ። የሬይድ ካርድ ያለው ሰርቨር ላይ ካርዱ ዲስኮቹን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስለሚሸፍናቸው የካርዱን የራሱን ሎግ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሜጋሬይድ የሚባሉት ካርዶች ለእያንዳንዱ ዲስክ ሁለት ቆጣሪ አላቸው፦ «ሚዲያ ኤረር» እና «አዘር ኤረር»። የመጀመሪያው ሳህኑ ነው፤ ሁለተኛው ብቻውን ሲያድግ ዓይናችሁን ወደ ኬብሉና ወደ ኋላ ሰሌዳው አዙሩ።

ምስክር የሌለው ግንኙነት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ዓለም ሁሉ አይቷል። መስከረም 2011 በፈረንጆቹ፣ ኦፔራ የሚባለው የፊዚክስ ሙከራ ተመራማሪዎች ጄኔቭ ካለው የምርምር ማዕከል ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎሜትር በምድር ውስጥ ተጉዘው ጣሊያን ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ደቂቅ ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ ብለው አስታወቁ። እውነት ቢሆን የአንስታይን ፊዚክስ ይናጋ ነበር። በየካቲት 2012 የተሰማው ምክንያት ግን ይህ ነው፦ የጂፒኤስን ሰዓት ወደ ዋናው ሰዓት ካርድ የሚያመጣው የፋይበር ኬብል ጫፍ በደንብ አልጠበቀም ነበር። የላላው ጫፍ ብርሃኑን አልከለከለም፣ አደከመው እንጂ፤ የደከመው ብርሃን ተቀባዩን ለመቀስቀስ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ፣ 73 ናኖሰከንድ ያህል። ሌላ የሰዓት ጉድለት በተቃራኒው አቅጣጫ 15 ያህል ስለጎተተ የቀረው ወደ 60 ተጠጋ። ምልክቱ ደረሰ፣ ዘገየ እንጂ አልተበላሸም፤ ስለዚህ «አልሰማሁም» የሚል አልነበረም። የእኛ ተራ የሳታ ኬብል ሲአርሲ ስላለው ቢያንስ ይጮኻል። ጩኸቱን የማንሰማው እኛ ነን።

እንዳንሰማው ከሚያደርጉን ነገሮች ዋናው ሪስታርት ነው። ዲሜሴጅ የሚያሳየው መዝገብ ሚሞሪ ውስጥ ያለ ትንሽ ቦታ ነው፤ ሲሞላ የድሮው በአዲሱ ይተካል፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። በጆርናልሲቲኤል የሚነበበው ጆርናልም በአንዳንድ ሲስተሞች ላይ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ካልተዘጋጀ እንዲሁ ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ የተቋረጠው ዲስክ ሎጉ ራሱ የሚጻፍበት ሲሆን ነው፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች የሚያርፉበት ቦታ ያጣሉ። መድኃኒቱ ሎጉን በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መላክ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለውን ሲስሎግ ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ በርክሊ ሆኖ ስለሠራው አዲስ ነገርም አይደለም፣ ዋጋም አይጠይቅም።

እባካችሁ፣ የምትጠብቁት ሰርቨር ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ሲንገራገጭ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ሎጉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ዛሬ ደግሞ ስማርትን ክፈቱና የእያንዳንዱን ዲስክ 199 ከቀኑ ጋር በወረቀት ጻፉ። በሳምንቱ ደግማችሁ ተመልከቱ። የጨመረ ካለ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱና ኬብሉን በጣታችሁ ጫን አድርጉት።